ከጎንደር ክፍል ሆነን ባህር አየን

ተማሪዎቼ ባህር እንዲያዩልኝ ሁሌም እመኝ ነበር፣ ግን ከጎንደር ባህር ድረስ ማን ይወስዳቸዋል፣ ብሩስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በፕሮጀክተር ወሰድኳቸው። ካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም (በፈረንጆች 1984 የተከፈተ የባህር እንስሳት ማሳያ ነው) ላይቭ ካሜራዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል፣ ትኬት የለ ምን የለ።

ጄሊፊሹ ሲመጣ ክፍሉ ጭጭ አለ። ያ ጃንጥላ የመሰለ ገላው ሰብሰብ ዘርጋ እያለ ሲሄድ... ልብ የለውም፣ አንጎል የለውም፣ አጥንት የለውም፣ 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው ስላቸው አንዷ "ቲቸር፣ ልብ ከሌለው ኦክስጅን እንዴት ይደርሰዋል?" አለችኝ። እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው! ገላው በጣም ስስ ስለሆነ ኦክስጅኑ ከውሃው በቀጥታ ሰርጎ ይገባል።

ለመሞከር ለምታስቡ መምህራን፣ እኛ ጋ ጠዋት ሲሆን እዛ ሌሊት ነው፣ ላይቩን የፈለገ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ይክፈት፣ ለክፍለ ጊዜ ግን የተቀዳ ቪዲዮ ቀድሞ አውርዶ መያዝ ነው የሚያዋጣው፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ጣናንም አትርሱት ደግሞ። ጎርጎራ እኮ ሩቅ አይደለም፣ ቆሮሶና አምባዛን ልጆቹ ያውቃሉ፣ ግን ጣና ውስጥ ሌላ የትም የማይገኙ ከ10 በላይ የባርበስ አሳ ዝርያዎች እንዳሉ፣ የተወሰኑትም እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞቹ እንደሚወጡ ስንቱ ሰምቷል? አንድ ሰው እዛ ውስጥ ካሜራ ቢያስገባልን በጣም ነው የምፈልገው፣ የካሊፎርኒያ ልጆችም በተራቸው እኛን ይጎብኙ።