የነገ መንገድ ጓዝ
ነገ ንጋት ላይ በብስክሌት ወደ ደብረ ብርሃን ስለምነሳ፣ የዛሬውን ከሰዓት አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ ወለል ላይ ዕቃ ስዘረጋና መልሼ ስሸክፍ ዋልሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከተማዋ ከአዲስ አበባም ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የሌሊቱ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ስለዚህ የአንዱን ቦርሳ ግማሽ ብቻውን ቢይዝም ጋቢዬን ትቼ ለመሄድ አልደፈርሁም። ባለፈው ጉዞዬ ሁሉንም በአንድ ጎን ጭኜ ቁልቁለት ላይ መሪው እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ስለተሳቀቅሁ፣ አሁን መፍቻውንና ውኃውን ከታች አድርጌ ግራና ቀኙን በእጄ እያነሳሁ መዘንሁ። ከመርካቶ የገዛሁት ትርፍ ከመነዳሪ ግን ካርቶኑን ስከፍተው፣ ጎማዬ 28 ሆኖ ሳለ 26 ሆኖ ተገኘ፤ በታክሲ ተመልሼ ስደርስ ባለሱቁ በሩን እየዘጋ ነበር። እናቴ ያዘጋጀችው በሶ እስካሁን ቦታ አላገኘም።