ከማን እጅ ነው የምትበሉት?

ቀጥታ ልጠይቃችሁ። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አማት ወይ የሩቅ ዘመድ ቤቷ ሠርታ ያመጣችላችሁን ሁሉ እውነት ትበሉታላችሁ? «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ብሎ መቀበሉን አይደለም የምጠይቀው። እሱንማ ማን ያቅተዋል። የምጠይቀው ሴትየዋ ተሰናብታ ከወጣች በኋላ ስላለው ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ያደግኩት ቢቸና አካባቢ ገጠር። በሁለቱም ቦታ «አይ ይቅርብኝ» የሚባል መልስ አይሠራም። መጀመሪያ «በሞቴ» ይመጣል፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ ከዚያ «ንቀሽኝ ነው?» ሲባል አለቀ፣ ትቀበያለሽ። ከቤት ቤት ቡና ሲጠራ የዋለ ሰው መጨረሻ ላይ የቀረበለትን ዳቦ በውሃ እየገፋ ሲውጥ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ መቀበል ምንም ማለት አይደለም። ወሬው ያለው ሳህኑ ጓዳ ከገባ በኋላ ነው።

ጓዳ ውስጥ ምን ይሆናል? በሐቅ እናውራ። የሚበላው ይበላል። የተጠረጠረው ለጥበቃው ይሰጣል (እሱ ምን በደለ?)። ከዚያ የተረፈው ለውሻ ነው። እንጀራ መጣል ነውር ስለሆነ የሰፈሩ ውሻ የስንቱን ቤት ገመና እንደበላ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ቢሮ ውስጥ ነገሩ ትንሽ ይሻላል፤ ማምለጫ አለ። አንዷ ቤቷ የጋገረችውን ኬክ ይዛ ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የጾም ነው?» ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ፣ እንቁላልና ወተት ካለበት፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል፣ ማንም ማንንም አይቀየምም። ጥያቄው ጥሩ ከመሆኑ የተነሳ መብላት ያልፈለግነውን ሁሉ በጾም እናሳብባለን፤ ሐሙስ ቀን «የግል ጾም ይዣለሁ» የሚል ሰው አውቃለሁ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋርም እንዲሁ ነው። ዳቦው፣ ቆሎው፣ ቴምሩ ከቤት ቤት ይመላለሳል፣ ሥጋው ግን በየቤቱ ይቀራል። ሁሉም ስለሚያውቀው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጭራሽ ጥያቄ የማይነሳበትም አለ። ጠበል ጻዲቅ ተሳልመን ነው የምንበላው፤ ማን ጋገረው፣ በምን ውሃ አቦካው የሚል የለም። ለፋሲካ አማች ተሸክሞ የሚመጣውን የአክፋይ ዳቦ «አልበላም» የሚል ጤነኛ ሰውም እስካሁን አላጋጠመኝም። የኮባ ቅጠሉ መስመር ከታች የታተመበት፣ ጥቁር አዝሙዱ የሚሸት ድፎ መጥቶ እምቢ የሚል ካለ ራሱን ይመርምር።

ከባዱ ሌላ ነው። «የሰው እጅ» የሚባለው።

ጎጃም ያደገ ሰው ይህን እየሰማ ነው ያደገው። «ከማንም እጅ አትብላ።» «አብልተውት ነው እንጂ ልጁ እንዲህ አልነበረም።» ትምህርቱን ከተወ አብልተውት ነው። ሥራ ከጠላ አብልተውት ነው። ሚስቱን ከሰማ፣ ከአማቱ ጋር ከተስማማ፣ እሱማ በደንብ አብልተውታል! ሰው ሚስቱን መውደዱ በመድኃኒት ካልሆነ አይታመንም ማለት ነው። ሆዱን ከቆረጠው ደግሞ ቡዳ ነው፣ ሌላ ምክንያት አይፈለግለትም።

ጥርጣሬው አዲስ አይደለም። ድሮ በየግብሩ አሳላፊው ጠጁን ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ ዛሬም ገጠር ጠላ ስትቀዳ እንዲህ የምታደርግ እናት አለች። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ቀጂዋ እንግዳው ሊጠረጥር እንደሚችል ታውቃለች፣ አትቀየምበትም፣ አንድ ቃል ሳትናገር ራሷ ቀድማ ጭንቁን ትፈታለታለች። እንግዳውም «ለምን ቀመስሽው» አይላትም። ሁለቱም ክብራቸው ሳይነካ ይጠጣሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ መጠርጠሩ አይደለም፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ልብ በሉ። ትልቅ ግቢ ያለው ሰው ቤት ድግስ በልቶ «አብልተውኝ ይሆን?» እያለ የሚያድር ሰው አይቼ አላውቅም። የምትጠረጠረው ብቻዋን የምትኖረው ናት። ባሏ የሞተባት፣ ከሌላ አገር መጥታ ዘመድ የሌላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለ እጅ የሆነች፤ ሸክላ የምትሠራ፣ ቤተሰቧ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸማ የሚሠራ።

ገበያ ላይ ምጣድ የምገዛት አንዲት እናት አሉ። ምጣዱን ከመሸጣቸው በፊት በጣታቸው ጫፍ ያንኳኩታል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለው፣ ያንን ወደ ጎን ያደርጉታል። «በጎመን ዘር ደህና አርገሽ አሟሽው፣ ቸኩለሽ እንዳትጋግሪበት» ብለው ይመክሩኛል። ጥፍራቸው ሥር ያለው ጭቃ ስንቴ ቢታጠብ የሚለቅ አይመስለኝም። አንድ የፍስክ ቅዳሜ ከጎናቸው ካለው ዘንቢል አነባበሮ አውጥተው ሰጡኝ፤ በቅቤና በበርበሬ የራሰ፣ ለራሳቸው ምሳ የያዙት ይመስለኛል። እዚያው ቆሜ በላሁት፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ አሮ ነበር፣ ያረረው ነው የሚጣፍጠው። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ ራቅ እስክንል ጠብቃ «ከእሷ እጅ? በላሽው?» አለችኝ፤ ዓይኗ ፈጦ።

እንግዲህ ይቺ ጓደኛዬ እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ የእኒያ እናት እጅ ሥራ ነው። ቡና የምታፈላበት ጀበና፣ ሽሮ የምታንተከትክበት ድስትም የእሳቸው ወይ የእህታቸው ነው። አፈሩን የቆፈሩት፣ ያቦኩት፣ በመዳፋቸው ያለሰለሱት፣ እሳት ያገቡት እነሱ ናቸው። ዕለት ዕለት ከእጃቸው ትበላለች እኮ! በገንዘብ የተገዛ ሲሆን ምጣድ ነው፣ በስጦታ ሲሆን ቡዳ። ይህንኑ ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እሱ በእሳት አልፏል» አለችኝ። አነባበሮውስ በምን ያለፈ መስሏት ነው?

ባሕር ዳር ሄዳችሁም ብታዩ ያው ነው። ጣና ዳር ያሉትን የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳና ቅርጫት እናደንቃለን፣ ፎቶ እንነሳለን፤ አያቶቻቸው ጉማሬ ይበሉ ነበር ተብሎ ግን ከቤታቸው ውሃ የማይቀምስ ሞልቷል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ከመንገድ ላይ ትንሽ ቀነሰ እንበል፤ ማዕድ ላይ ግን አዋጁ የደረሰ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ «ባህላችን ነው» የሚል አይጠፋም። ጎጃም በምን ይኮራል? በቅኔ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያልን የቅኔ ቤቶቹን እንቆጥራለን። ያ ሁሉ ሊቅ ምን በልቶ ተማረ? አቁፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ የለመነውን ቁራሽ። ከባለጸጋው ቤት የወጣውና ከድኻዋ ቤት የወጣው አቁፋዳው ውስጥ ተቀላቅሎ፣ ማን ምን እንደሰጠ ሳይለይ ነው የሚበላው። የሰው እጅ የሚባለው ነገር እንደሚወራው ቢሆን ኖሮ የቅኔ ቤት ወንበር ባዶውን በቀረ ነበር።

መጠየቅ የለብንም እያልኩ አይደለም። የምንጠይቀው ነገር ተሳስቷል ነው የምለው። ስለ ሴትየዋ ዘር ሰባት ቤት ቆጥረን ስለ ምግቡ አንዲት ነገር አንጠይቅም። መቼ ተሠራ? የት አደረ? ወተቱ ፈልቷል? እነዚህን ብንጠይቅ «ተጠራጠረችኝ» ይባላል ብለን እንፈራለን።

ከማርቆስ አዲስ አበባ ለሚኖር ልጅ የሚላከውን ስንቅ ውሰዱት። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ስለሆነ ያደረ ወጥ ብዙ አያሳስበንም፤ በዚያ ልማድ ዶሮ ወጡን በላስቲክ ዕቃ ቋጥረን አውቶቡስ ላይ እንሰደዋለን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደጀን ሲደርስ ደግሞ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ሳይገባ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ነው፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ተህዋስያን ፈጥነው ይራባሉ። ልጁ ማታ በልቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው «መንገድ ላይ ዓይን በላው» ይባላል። ዓይን ሳይሆን ዓባይ ነው የበላው።

የድሮ እናቶች ይህን ያለ ዲግሪ ያውቁት ነበር። ስንቅ ብለው የሚይዙት ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ነው፤ እርጥበት የሌለው ነገር በቀላሉ አይበላሽም። እንዲህ ያለውን ከማንም ቢመጣ ዓይኔን ሳላሽ እበላለሁ። ክሬም ያለው ኬክ ሲሆን፣ በተለይ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ከሆነ፣ እናቴም ብትጋግረው አልነካውም። አይብ ከመጣልኝ «ወተቱ ፈልቶ ነበር?» እላለሁ። ካልፈላ ወተት የሚመጣ ስንት በሽታ አለ፣ ላም የሚያስወርደው ብሩሴላ የሚባል ተህዋስ ራሱ ለሰው ይተርፋል። የሻገተ በርበሬና ኦቾሎኒ ደግሞ ሻጋታውን አራግፎ መብላት አይሆንም፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ከማላውቀው ሰው የቤት አረቄም አልቀበልም። ሜታኖል ካለበት በጣዕም አይለይም፣ ዓይን ያጠፋል።

አራስ ጥየቃ ስትሄዱ ደግሞ ማሩን ለእናትየዋ ስጡ እንጂ ጣት ነክሮ ሕፃኑን ማላስ ይቅር። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ ትልቅ ሰው የማይጎዳው ተህዋስ የጨቅላን አንጀት ሊመርዝ ይችላል። ማሩ የጎጃም ቢሆንም።

«ታዲያ ከሱቅ መግዛት አይሻልም?» የሚል አለ። አይሻልም። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል ስንሰማ ኖረናል። እኔ ጓዳዋን ያየሁትን፣ እጇን ታጥባ ስታቦካ ያየኋትን ጎረቤቴን ነው የማምነው፤ ጎረቤቴ ማን ትሁን ማን።

እኔ ለሰው ስሰጥ ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የሠራሁበትን ቀን እጽፋለሁ፣ ቅቤ ወይ እንቁላል ካለበትም እናገራለሁ። መጀመሪያ ላይ ሳቁብኝ፣ አሁን ሁለት ጎረቤቶቼም ይጽፋሉ። ካልበላችሁትም አልቀየምም። አንድ ነገር ግን እቀየማለሁ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ተብለን አድገን፣ ዕቃውን ቆሎ ሞልታችሁ ክዳኑን የምታስቀሩ ሰዎች አላችሁ። ቆሎው ቀርቶብኝ ክዳኔን መልሱልኝ።