የእማማ መንጋጋ ጥርስ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ጥርስ ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የነበሩ እማማ ነጠላቸውን ገለጥ አርገው የመንጋጋቸውን ክፍተት አሳዩኝ፣ "ይቺ በኮሮና ጊዜ የሄደች ናት ልጄ፣ ትሞላለች ተብዬ ነበር" አሉኝ።

ለካ መቦርቦሪያው ማሽን ውሃ እየረጨ ነው የሚሰራው፣ ውሃው ከምራቅና ከደም ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጉም አየር ላይ ይቀራል፣ ሐኪሙ ደሞ ፊቱ በሽተኛው አፍ ላይ ነው፣ ኮሮና በዚህ ይተላለፋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 ክረምት ወረርሽኙ በተስፋፋበት ቦታ አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ህክምና ይቆይ ብሎ ነበር። እሳቸውም ቆዩ፣ ጥርሱ ግን አልቆየም፣ እንቅልፍ ሲነሳቸው በጉጠት ተነቀለ። እስካሁን በዛ በኩል ቆሎ አይቆረጥሙም።

ሐኪሞቹን አልወቅስም፣ ማስክ እንኳን የጠፋበት ጊዜ ነበር። ግን ስለ ኮሮና ሲወራ እንዲህ በመቆየት የተጎዳውን ሰው ማንም አያነሳውም፣ በጣም ያሳዝነኛል።