አሮጌ ብዕር ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ሆዱ ነው

አሮጌ ብዕር (ቀለም እየተሞላ የሚጽፈውን ፋውንቴን ፔን) የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው የወርቁ ጫፍ ላይ ነው። ወርቅ ግን አይዝግም። ከ70 ዓመት በኋላ የሚያስቸግረው ቀለሙን የያዘው ጎማ ነው። ስለዚህ እስከ 150 ዶላር ለመደበ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ “ቀለም የሚሞላው በምንድን ነው?” መሆን አለበት።

ፓርከር 51ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1941 ገበያ ላይ የዋለው ይህ ብዕር ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ሆድ፣ ማለትም የቀለም መሙያ፣ አለው። የመጀመሪያው ቫኩማቲክ ይባላል፤ የጭራው ክዳን ሲፈታ የሚጫን ዘንግ ብቅ ይላል፣ ዘንጉም ውስጥ ያለውን ስስ ጎማ ይገፋል። ያ ጎማ በዕድሜ ደርቆ ይቀደዳል፤ ለመቀየር የተለየ መፍቻ ስለሚፈልግ የባለሙያ ሥራ ነው። በ1948 የመጣው ኤሮሜትሪክ ግን አካሉ ሲፈታ የብረት እጅጌ ያሳያል፣ በውስጡም ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት አለ። ፒቪሲው እንደ ጎማ ስለማይደርቅ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በመጀመሪያው ከረጢታቸው ይሠራሉ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ሳላመነታ ኤሮሜትሪኩን እላለሁ።

ኤሮሜትሪኩ ሲፈተሽ ጫፉን ውሃ ውስጥ ንከሩና እጅጌው ላይ ያለውን መጭመቂያ 5 ጊዜ ጫኑ፤ በለቀቃችሁ ቁጥር ጥቂት ሰከንድ ታገሡ። ከዚያ ባዶ ብርጭቆ ላይ ጭመቁት። ውሃው ፈሰስ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከሆነ የደረቀ ቀለም መንገዱን ዘግቶታል ማለት ነው፤ ጫፉን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ካልተከፈተ 1 እጅ የቤት አሞኒያ በ10 እጅ ውሃ በጥብጡና ሞክሩት፣ በኋላ በደንብ ይታጠብ። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምማል።

በእጁ መጠገን ለሚወድ ኤስተርብሩክ ጄ ይሻለዋል። ከጎኑ ማንሻ አለው፣ ከረጢቱ 16 ቁጥር ጎማ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ጫፉን የያዘውን አንገት በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ማውጣት፣ የአሮጌውን ጎማ ቅሪት መፋቅ፣ አዲሱን ሼላክ በሚባል ሙጫ ማጣበቅ፣ አንድ ቀን ማድረቅ ነው ሥራው። ሱፐር ግሉ ግን አይነካው፤ የሚቀጥለው ጥገና ላይ አንገቱን ይሰብራል። ጫፉ ተፈትቶ ይቀየራል፤ በ9 የሚጀምር ቁጥር የተቀረጸበትን ፈልጉ፣ አፉ ላይ ጠንካራ ብረት የተበየደለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን። ኃምሱን አስቡት፦ ሌ፣ ቤ፣ ዜ። ያቺ ትንሽ ቀለበት በወፍራም ጫፍ ስትጻፍ ቀለም ይሞላትና ነጠብጣብ ትሆናለች። ስለዚህ ብዕር ስትሞክሩ ፊርማ አትፈርሙ፤ “ቤቴ ሌሊት” ብላችሁ በተለመደው መጠናችሁ ጻፉና ቀለበቶቹ ክፍት መሆናቸውን እዩ። የጃፓን ብዕር ከአውሮፓው በአንድ ደረጃ ያህል ይቀጥናል፤ የጃፓኑ ፓይለት ኤፍ (ቀጭን) ጫፍ ለደብተር አማርኛ ልክ ነው፣ የአውሮፓ ኤም (መካከለኛ) ግን ለብዙ ሰው እጅ ይወፍራል። የቁም ጽሕፈት መልክ የሚወድ ላሚ የሚባለውን ብዕር 1.1 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ጫፍ ይሞክር፤ ወደ ታች ሲሰመር ይወፍራል፣ ወደ ጎን ይቀጥናል፣ ፊደሉ ግን ተለቅ ብሎ መጻፍ አለበት።

ከአዲሶቹ ፓይለት ሜትሮፖሊታንና ላሚ ሳፋሪ ለጀማሪ ይበቃሉ። የሳፋሪው ጫፍ በፕላስተር ተይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሲሳብ ይወጣል፣ ስለዚህ ውፍረቱን መቀየር ብዙ አያስወጣም። ብዕሩን ሳምንታት ሳይነካ ለሚያስቀምጥ ደግሞ ፕላቲነም 3776 ሴንቸሪ ይሻላል፤ የክዳኑ ውስጠኛ መዝጊያ ቀለሙ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል። የትኛውም ውስጥ ኢንዲያን ኢንክ የሚባለው የሥዕል ቀለም አይግባ፤ ከደረቀ በውሃ አይለቅም።

አሮጌውን በኢንተርኔት ስትገዙ “ይጽፋል” የሚለው ቃል አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ቀለም ውስጥ ተነክሮ ጻፈ ማለት ብቻ ነው። ከረጢቱ መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ፣ የጫፉን ሁለት ጥርሶች ከፊት ለፊት የሚያሳይ ፎቶና ውሃ ሲሞላና ሲተፋ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አስልኩ። ይህን ካላገኛችሁ የጥገናውን ዋጋ ከብዕሩ ዋጋ ላይ ደምሩና ከ150 ዶላሩ ማለፍ አለማለፉን ያኔ ወስኑ።