አንድ ንድፍ፣ ሁለት ገጽ

ኮየ ፈጬ፣ ነሐሴ

የአክስቴ ልጅ ከሱሉልታ የዚህን ወር የፎቶ አልበም ገጽ ንድፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። እንደ ልማዷ በባለካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ነው የሳለችው። በግራ አንድ ትልቅ ሣጥን፣ በቀኝ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ሦስት ትንንሾች፣ ገጹን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ወረቀት፣ ከሥሩ ለጽሑፍ የተተወ ባዶ ቦታ። ደንባችን ቀላል ነው፤ ሁለታችንም ከአንድ ንድፍ ተነስተን የየራሳችንን ገጽ እንሠራለን፣ ጨርሰን እስክንላላክ ግን አንተያይም።

ፈረንጆቹ ስክራፕቡክ የሚሉትን፣ ፎቶና ጽሑፍ በጌጥ የሚለጠፍበትን አልበም፣ በአብዛኛው የሚሠሩት 12 ኢንች በ12 ኢንች በሆነ ገጽ ላይ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እኛ ሰፈር ያለው ጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚሸጠው ያው ኤ ፎር ነው፣ 21 በ29.7። ስለዚህ ንድፉን በሲሶ እናነበዋለን። ትልቁ ሣጥን የገጹን ወርድ ሁለት ሲሶ ከያዘ፣ ወረቀቱ ቢጠብም ቢሰፋም ሚዛኑ አይናጋም። ፎቶው አግድም ሆኖ ሣጥኑ ቋሚ ከሆነ ደግሞ ንድፉን ሩብ ዙር ማዞር ነው። ርዕሱን በእጄ እጽፋለሁ፤ እዚህ የማገኘው ተለጣፊ ፊደል ሁሉ ላቲን ነው። 26 ፊደል ማተም ይቀላል፣ የእኛን 231 ማን ይደፍረዋል?

ንድፍ ግን የማያውቀው ነገር አለ፤ የፎቶ ጀርባ።

ለዚህ ወር የመረጥነው ፎቶ የአያታችን ወንድም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ አንድ እጁን ወንበር መደገፊያ ላይ ጣል አድርጎ። ስትገለብጡት በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለውድ እህቴ፦ አካሌ ቢርቅም ይህ ምስሌ ያስታውስሽ። 1965 ዓ.ም.» ይላል። «አካሌ» ላይ እጁ ተጭኖ ነው መሰለኝ፣ በፊት ለፊቱ በኩል ኮቱ ላይ ጭረቱ ይታያል። ከጽሑፉ በታች ግማሹ የደበዘዘ የፎቶ ቤት ማኅተም አለ፤ ፒያሳ የሚለው ብቻ ይነበባል። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የድሮ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ እኔና እሷ መጀመሪያ ያሰብነው ይህንን ማኅተም ነበር።

እንግዲህ ይህን በኮላ ልለጥፈው? የዚያ ዘመን ሰው ፎቶ ሲሰጥ ጀርባው ላይ ሳይጽፍ አይሰጥም ነበር፣ እኛ ደግሞ በጌጥ ስም ስንቱን ቃል ቀበርን! ቀድሞም ያለበት ቦታ ጥሩ አልነበረም። ያ ገጹ የሚያጣብቅ፣ ላዩ ላስቲክ የሆነ አልበም ማጣበቂያው ከጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶውንም ይዞ አልለቅም ይላል። በጥፍር መፈልቀቅ አይሆንም፤ ቀጭን ክር ከጥግ አስገብቶ ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው። እንደዚያ አድርጌ አወጣሁትና ፊትና ጀርባውን ስካን አስደርጌ በ10 በ15 አሳተምኩ።

ከዚያ ትልቁን ሣጥን ለጀርባው ቅጂ ሰጠሁት። ዋናው ፎቶ ከትንንሾቹ አንዱ ቦታ ላይ ገባ፣ ግን አልተለጠፈም። ከወረቀት አጥፌ አራት የማዕዘን ኪሶች ሠራሁና ኪሶቹን ብቻ ለጠፍኩ፤ የፈለገ ሰው ፎቶውን አውጥቶ ይገለብጠዋል። ከሥሩ ያስገባሁት ባለቀለም ፎቶ ጥግ ላይ ካሜራው በብርቱካናማ «2005» ብሎ አትሞበታል። ሐምሌ ላይ የተነሳ ስለሆነ በእኛ 1997 ነው። ልጆች አይተው ስምንት ዓመት እንዳይሳሳቱ ቀጭኑ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ሦስተኛዋን ሣጥን ባዶ ተውኳት። ንድፍ እኮ ትእዛዝ አይደለም።

በነሐሴ ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ ወረቀቱም ይጠቀለላል። ከመዝገበ ቃላቱ ሥር አሳድሬ ጠዋት ላኩላት።

የእሷ መጣ። ትልቁ ሣጥን ውስጥ የአያታችን ወንድም ፊት፣ ኮትና ወንበሩ ተቆርጦ ቀርቷል። በሦስቱ ትንንሾች ውስጥ ያስገባችው የወንድሟን፣ የእኔንና የልጇን ጉርድ ፎቶ ነው። ያ ሰፊ ግንባርና ግራ ቅንድብ ላይ የሚቆመው ፀጉር ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። መመሳሰላችንን በወሬ ሰምቼው ነበር፣ እንዲህ ተደርድሮ ግን አይቼው አላውቅም። ለጽሑፍ በተተወው ቦታ ላይ አንድም ቃል አልጻፈችም። እኔ ብሆን አልችልም ነበር። አክስቴ የእሷ ይበልጣል ብላለች፤ እናቷ ስለሆነች አይቆጠርም።

የመስከረሙን ንድፍ የምሥለው እኔ ነኝ። ሁለት ሣጥን ብቻ ነው የማደርገው፣ አንዱ ለጽሑፍ። እስቲ በምን ታመልጣለች።