የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምንም የሆንኩት ነገር የለም፣ ሥራ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ደሞዝም ገብቷል። ብቻ ማታ ስወጣ ሐዋሳ በእንግዳ ጢም ብላ፣ ፔንሲዮኖቹ ሁሉ አልጋ የለም እያሉ፣ እናቶች ነጠላቸውን በላስቲክ ከልለው በዛ ዝናብ ወደ ገብርኤል ሲተሙ ሳይ እንባዬ መጣ። ነገ 19 ነው፣ መልአኩ ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ያወጣበት።

እኔ ግን ገብርኤል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የታኅሣሡ ነው፣ የ2014ቱ። ታኅሣሥ 19 አስቀድሰን ገባን፣ 23 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል፣ አስወጣች። ወሬው ከጥቅምት ጀምሮ ስለነበር እሠራበት በነበረው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ ጨዋታ አልነበረም። የምንሰፋው ልብስ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር፣ ያ ሲቀር ገዢው ኦርደሩን ቀረጥ ወደሌለበት አገር ያዞራል፣ በቃ ይሄው ነው። የኛ ሼድ አንዴ አልተዘጋም። መጀመሪያ ኦቨርታይም ቀረ፣ ከዛ አንድ ላይን፣ አንድ የስፌት መስመር ማለት ነው፣ ቆመና ማሽኖቹ ላስቲክ ለበሱ፣ ከዛ ኦፕሬተሮቹ በየተራ ኤችአር ይጠሩ ጀመር፣ በመጨረሻ እኛ ሱፐርቫይዘሮቹ። የሥራ ልምዴን በፖስታ ይዤ ወጣሁ።

ከዛ በኋላ ያለውን ሥራ የፈታ ሰው ያውቀዋል። ሲቪ ማስገባት፣ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ማሳደድ፣ ከተማው ውስጥ ያለ የስፌት ሱፐርቫይዘር ሁሉ ያንኑ አንድ ቦታ ሲሻማ ማየት። ጠዋት ጠዋት ኪዳን አደርሳለሁ፣ እና እውነት ለመናገር ጸሎቴ አንዳንድ ቀን ከጸሎት ይልቅ ሙግት ነበር። የንስሐ አባቴ ተሟገቺው ይሰማሻል ይሉኝ ነበር።

የባሰው ግን የጽዋው ነገር ነው። ማኅበራችን የገብርኤል ነው፣ በየወሩ በ19 በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን፣ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወር ሙሉ ቤቱ ያስቀምጣል። እና ሥራ ባጣሁበት፣ ቤት ኪራይ በተከማቸብኝ ሰሞን ተራዬ ደረሰ፣ የሰኔው። ጠላ በምን ይጠመቃል፣ ዳቦው በምን ይጋገራል፣ ለዛ ሁሉ ሰው ምን ይቀርባል። የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ጋ ሄጄ ተራዬን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ፣ እኔ መስከረም ላይ እወስዳለሁ አልኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ጽዋው ያንቺ ነው እንዴ? የመልአኩ እኮ ነው። ወስደሽ አስቀምጪ፣ ደጋሹ እሱ ነው" አሉኝ።

ወሰድኩት። ማታ ማታ ትራሴ አጠገብ አስቀምጬ አየው ነበር፣ እንዴት እንደምወጣው ሳስብ እንቅልፍ የለም።

የ19 ለት ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። እትዬ ወ. በባጃጅ ጠላ በጀሪካን ጭነው መጡ፣ መቼ እንደጠነሰሱት አላውቅም። ቀጥሎ አንዷ ድፎ ዳቦውን ከነኮባው፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ሌላዋ ንፍሮ በድስት፣ አንዱ ወንድማችን ደግሞ ወንበር ተሸክሞ። ማንም ምንም አላለም፣ ዝም ብለው ጓዳ ገብተው የራሳቸው ቤት ይመስል ቁና ሙሉ ብርጭቆ ማጠብ ጀመሩ። እትዬን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዝ አደረጉኝና "ለገብርኤል ነው ያመጣሁት፣ ላንቺ አይደለም። ቀና በይ" አሉኝ።

ይቺን ቃል እስከዛሬ ይዣታለሁ። በዛ ሰሞን ብር የሰጡኝ ዘመዶች ነበሩ፣ እግዜር ይባርካቸው፣ ግን ከተቀበልኩ በኋላ ፊታቸውን ማየት እየከበደኝ መንገድ እቀይር ነበር። የእትዬ ጠላ ግን ዕዳ አልሆነብኝም፣ ምክንያቱም የተሰጠው ለሱ ነው፣ እኔ ቤቴን ብቻ ነው የሰጠሁት። ሥራ ያጣ ሰው ከብሩ በላይ የሚያጣው ይሄንን ይመስለኛል፣ ቀና ብሎ እንግዳ መቀበል።

ሥራውም የተገኘው እዛው ነው። አባታችን ባርከው፣ ጠላው እየተቀዳ ወሬ ሲነሳ አንዷ እህታችን እህቷ የተማሪ ዩኒፎርም እንደምታሰፋ፣ ክረምቱ ገብቶ ትእዛዙ እንደተቆለለባትና ቆራጭዋ ጥሏት እንደሄደ አነሳች። ሙሴያችን ወደኔ ዞረው ትችያለሽ? አሉ። ሰኞ ሄድኩ። ጨርቁን ደራርቤ አንጥፌ ንድፎቹን አንዱን ወደላይ አንዱን ወደታች እያዞርኩ ሳጠጋጋቸው፣ እጅጌው የጉርዱ ክፍተት ውስጥ ሲገባ፣ ብጣሹ ከድሮው በጣም አነሰ። ሴትየዋ ብጣሹን አንስታ አየችና ነገም ነይ አለችኝ። ይሄው እስካሁን አለሁ።

ያስገባኝ ገብርኤል ነው፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ዛሬ ዝናቡን እያየሁ ያሰብኩት ስለራሴ አልነበረም። እኔ ላይን ላይ የነበረችው የወላይታዋ ልጅ የወንጌል አማኝ ናት፣ የቤት ለቤት ሕብረታቸው ኪራይዋን እየከፈለ አቆያትና በኋላ አንድ ምግብ ቤት ካሸር አስገቧት፣ እሷም ጌታ ነው ያስገባኝ ትላለች፣ እኔም አሜን እላለሁ። ሌላዋ ግን፣ ያቺ ከገጠር የመጣችው ቀጭኗ፣ ስድስት ሆነው አንድ ክፍል የሚያድሩት፣ ስድስት ቀን ሠርታ እሁድን በልብስ አጠባና በእንቅልፍ የምትጨርሰው፣ ማኅበር የላትም፣ ሕብረት የላትም፣ ከተማው ውስጥ ከዶርም ልጆቹ ሌላ ስሟን የሚያውቅ የለም። ጸሎት ግን ትጸልይ ነበር፣ ማሽኗ ላይ ሳትቀመጥ በፊት ሁሌ ስታማትብ አያታለሁ። እሷ አገሯ ተመለሰች፣ ቀጥሎ በደላላ አረብ አገር ሄደች ተባለ። ስልኳ አይሠራም።

እሷም የለመነችው ያንኑ አምላክ ነው። የኔ ልመና እትዬ ወ. ጆሮ ሲደርስ የሷ ማን ጋ ደረሰ?

ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሙሴያችን ላነሳው ነው። ከፓርኩ ጀርባ ባሉት የኪራይ ቤቶች አሁንም እንደሷ ያሉ ልጆች ሞልተዋል፣ ላይን ሲዘጋ ማንም ሳያውቃቸው ሻንጣቸውን ይዘው መነኸሪያ ይወርዳሉ። ማኅበርተኛ ይሁኑ እንዳንል መዋጮውን ከየት ያመጡታል፣ ተራስ ሲደርሳቸው ስድስት ሰው የሚያድርበት ክፍል ውስጥ ጽዋውን የት ያስቀምጡታል? እኛ ወደነሱ እንሂድ ብንልስ፣ የማንን በር ነው የምናንኳኳው?