«ራስ» በሳን ሲሮ

ሚላኖ ውስጥ የምጦራቸው አዛውንት የኢንተር እግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ናቸው። የዛሬ 60 ዓመት ገደማ ሥራ ፍለጋ ከደቡብ ኢጣሊያ፣ ከፑልያ መጥተው በዚያው ቀሩ። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ጨዋታ ስላልነበረ «ነይ፣ የእኛን ሰዎች ፊልም ላሳይሽ» ብለው «ኤቼዚዩናሌ ቬራሜንቴ»ን ከፈቱልኝ፤ ካርሎ ቫንዚና በ1982 (እ.ኤ.አ.) የሠራውን ኮሜዲ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቃል አስደነገጠኝ። የተቀናቃኙ ክለብ፣ የሚላን ደጋፊዎች አለቃ ዶናቶ «ራስ ዴላ ፎሳ» ይባላል፤ የጉድጓዱ ራስ ማለት ነው። ፊልሙን አቁሜ «አባባ፣ ይህ እኮ የእኛ ቃል ነው!» አልኳቸው። ጉድጓዱ «ፎሳ ዴይ ሌዮኒ» ነው፤ በ1968 የተመሠረተ የሚላን ደጋፊዎች ቡድን ነበር። የአንበሶች ጉድጓድ! ዳንኤል የተጣለበት ዓይነት። ራስ ደግሞ የራስ አሉላ፣ የራስ መኮንን ማዕረግ ነው። ጣሊያኖች መጀመሪያ ወደ አገራችን ሲዘምቱ ቃሉን ይዘው ተመለሱ፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየከተማው የገነኑትን የፋሺስት አለቆች «ራስ» አሏቸው፤ ቀጥሎም ማንኛውም የሰፈር ጉልበተኛ ራስ ተባለ። ያ ማዕረግ እዚህ ድረስ መውረዱ ከፋኝ። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት ኖረው ምንጩን አያውቁም ነበር።

ሦስቱን ተቀናቃኞች የሚጫወታቸው አንድ ሰው ነው፤ ዲዬጎ አባታንቱኦኖ። የሚላኑ ዶናቶ፣ የኢንተሩ ፍራንኮ፣ የዩቬንቱሱ የጭነት መኪና ሹፌር ቲርዛን፣ ሁሉም የእርሱ ፊት ናቸው። ፍራንኮን ጓደኞቹ በቶቶካልቾ፣ በእግር ኳስ ውጤት ግምት ውርርድ፣ 13ቱንም ጨዋታ ገምተህ አሸንፈሃል ብለው ያታልሉታል። አባባ ይህን ክፍል አይወዱትም፤ የሚሞኘው ለምን የእኛ ሰው ይሆናል ይላሉ።

እኔን የያዘኝ ግን አነጋገሩ ነው። ተዋናዩ ሚላኖ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ግን የፑልያ ሰው ነው። በፊልሙ የደቡቡን አፍ ከሚላኖ አነጋገር ጋር ይደባልቃል፤ ከባድ ቃል ሊናገር ይነሣና መንገድ ላይ ይሰብረዋል። የፊልሙ ስም ራሱ አንድ «ዜታ» (z የሚለው ፊደል) የሚበቃው ቃል ነበር፤ በሦስት ተጽፏል። ማጥበቅና ማላላት ለምናውቅ ለእኛ ይህ ወዲያው ይገባናል፦ ሰውየው ቃሉን አጥብቆ፣ አጥብቆ፣ እንደገና አጥብቆ ነው የሚናገረው።

አባባ እየሳቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በመጡበት ዘመን የሰሜን ሰዎች የደቡቡን ሰው «ቴሮኔ» እያሉ ያዋርዱት ነበር፤ ለደቡብ ሰው ቤት አናከራይም የሚል ማስታወቂያም ይለጠፍ ነበር። «አፌን ስከፍት የማያፍሩብኝ ሳን ሲሮ ስታዲየም ውስጥ ብቻ ነበር» አሉኝ፤ «ጎል ሲገባ ጎኔ የቆመው ሰው ሳያውቀኝ አቀፈኝ። ያ ሰው የኢንተር ስለነበረ እኔም የኢንተር ሆንኩ።» ስለ ኢንተር ብዙ ጊዜ አውርተውኛል፤ ይህን ግን ነግረውኝ አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው «እሺ፣ ራስ» አሉኝ። ራስ የወንድ ማዕረግ ነው፣ ለሴት እቴጌ አለ አልኳቸው። ደጋግመው ሞከሩት፤ «ጌ»ን እንደዚያ «ዜታ» አጥብቀው።